ሌሊቱን የማይጠይቅ ሰላምታ

ኅዳር 6፣ 1979 ዓ.ም.፣ ቁስቋም። ከሥራ መልስ።

አውሮፕላኑ ዛሬም ዘግይቶ አረፈ። ጣሊያኖች፣ ጥቂት ፈረንሳዮች፣ አንድ ጃፓናዊ ከነካሜራው። ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ለሁሉም በየቋንቋቸው። ቡዎን ጆርኖ። ቦንዡር። ለጃፓናዊው ጎንበስ ብዬ ኮኒቺዋ። ደስ አለው፣ እሱም ጎነበሰ፣ እኔም ደገምኩ፣ እሱም ደገመ። ወገቤን ሊጨርሰው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ መጥቶ ፈገግታሽ አነሰ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የተገተረ ሰው ፈገግታ ከየት ያምጣ።

ቤት ስደርስ አከራዬ እማማ አሰፉ እንደ ልማዳቸው የግቢው በር ድንጋይ ላይ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ቦንዡር አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ቦንዡር ሰዓት የለውም። ቦንዡር እማማ አልኩ። ከዚያ በአማርኛ እንደገና ከመጀመሪያው፦ እንዴት ዋልሽ፣ እ/ር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ፣ እ/ር ይመስገን፣ ደህና ነሽ፣ ደህና። እኔ የደሴ ልጅ፣ የሰላምታ ርዝመት ያደግኩበት ነው። ላሊበላ ግን ይብሳል።

ፈረንጅኛውን ያስተማራቸው ልጃቸው ሞገስ ነው። አስጎብኚ ነበር። ማታ ማታ የቀኑን እንግዶች ሰላምታ ይዞላቸው ይገባ ነበር፤ ሌላው ልጅ ለእናቱ ስኳር ይዞ እንደሚገባ። ለእኔም ግማሹን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ይህን ክፍል ስከራይ። ብሔራዊ ውትድርና ከወሰደው ሁለተኛ ዓመቱ ሊሆን ነው። ያለው ኤርትራ ነው። ከዚህ በላይ የምናውቀው የለም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ነገር አዝዘውኝ ነበር። አሥመራ ሰው ጠዋት ሲገናኝ ምን ይባባላል? ዛሬ የሆቴላችንን የመቀሌ ሰው፣ ወጥ ሠሪውን ጠይቄ ይዤላቸው ገባሁ። ከመይ ሓዲርካ። ደጋግመው አሉት። ሓውን ከጉሮሮ ማውጣት አቃታቸው፣ ሳቁ። ሞገስ ሲመጣ እዚችው በር ላይ በዚህ እቀበለዋለሁ አሉ፤ እሱ ስንቱን አስተምሮኝ፣ እኔም አንድ ልንገረው። አሥመራ በየት በኩል ነው ብለው ደግሞ ጠየቁኝ። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ባሻገር፣ ሩቅ፣ አልኳቸው።

ኅዳር 10። ምሳ ሰዓት።

የሺ ወለደች። ወንድ። እ/ር ይመስገን፣ እ/ር ይመስገን።

የሺ የእማማ አሰፉ ልጅ ናት፣ የሞገስ ታናሽ። ባሏ ገነተ ማርያም የሚባል መንደር አራሽ ነው፤ ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ ነው። በድርቁ ዓመት የወለደችው አልተረፈላትም። ወተቷ ደርቆ፣ ሕፃኑ እጇ ላይ አለቀ። ስለዚህ ይሄኛው ሲያለቅስ ግቢው ሁሉ ፀጥ ብሎ ነው የሚያዳምጠው።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ገባሁ። ማርያም ታኑርሽ አለች፣ በደከመ ድምፅ። መልኩ አጎቱን ነው ይላሉ ሁሉም። እኔ ቀይ ፊት ብቻ ነው ያየሁት፣ ግን አዎ አልኩ። ስሙን አላወጣም ብላለች። ሞገስ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ እሱ ያውጣለት አለች። አርባው ታኅሣሥ ገብርኤል ላይ ይውላል፣ ክርስትናው የዚያን ዕለት።

ኅዳር 16። ኪዳነ ምሕረት። ሌሊት።

ሞገስ የለም።

በሪሁን መጣ። አብሮት የዘመተው፣ ጎረቤታችን፣ ከአንድ ሳህን ይበሉ የነበሩት። አንድ እግሩ ከጉልበት በታች የለም። ቤት አልመጣም፣ ሆቴል በጓሮ በኩል አስጠራኝ። መጀመሪያ ያየሁት ምርኩዙን ነው። ፊቱን ሳየው አልጠየቅኩትም፣ እሱም ብዙ አላለም። መስከረም ላይ ነው አለ። አጠገቤ ነበር አለ። ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ።

እኔ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም። ወደ አባ ኃይሌ ሄድን፣ የቤቱ የነፍስ አባት ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ጠሩ፣ ቤ/ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ተቀመጥን። ክርክሩ አጭር ነው። አራስ ባለችበት ቤት መርዶ አይነገርም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ለእናትየው ነግሮ ከልጅቱ መደበቅ አይቻልም። የሺ ወንድሟን ሰምታ ብትደነግጥ ወተቷ ይደርቃል፣ ያለፈው ይደገማል። ስለዚህ ክርስትናው ይለፍ፤ ታኅሣሥ ማርያም ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እነሱ ገብተው ይናገራሉ። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ እንዳላወቀ ይሁን። በሪሁን በዚያ በኩል እንዳያልፍ። አባ ኃይሌ መስቀላቸውን አውጥተው ሁላችንንም በግዝት አሰሩን።

የቀበሌው ሊ/መንበር ደግሞ ከየት እንደሰማ አይታወቅም፣ ማታውኑ በሪሁንን አስጠርቶታል። ከላይ ወረቀት ሳይመጣ የሞተ የለም ብሎታል። በሪሁን ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ኅዳር 17። ሆቴል፣ እንግዳ ሳይነሣ።

ሌላው ሁሉ ቀላል መስሎኝ ነበር። ዝም ማለት ነው፣ ዝም እላለሁ ብዬ።

ጠዋት ስወጣ እማማ አሰፉ በሩ ላይ አሉ። ሳላያቸው የማልፍበት ቀዳዳ የለም። እንደምን አደሩ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ለቅሶ ቤት እንደምን አደራችሁ አይባልም። ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሲወጣ እ/ር ያጥናችሁ ብሎ ይወጣል። ይሄን ሲሆን እያየሁ ነው ያደግኩት። እሳቸው አያውቁም እንጂ ቤታቸው እኮ ለቅሶ ቤት ነው።

ደግሞ ብጠይቃቸው መልሱ አንድ ነው። እ/ር ይመስገን ይላሉ። ልጇ የሞተባትን እናት ጠይቄ፣ እኔ እያወቅሁ፣ እሷ ሳታውቅ፣ ይመስገን ላሰኛት?

ጉተን ሞርገን፣ አልኩ፣ በጀርመንኛ።

ፊታቸው ፈካ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጉተን ሞርገን አሉ። አለፍኩ።

ኅዳር 21። ጽዮን። ከሰዓት።

ደብተሬ፣ ስለ ሰላምታ ነው የማስበው፣ ሌላ አላስብም። ፈረንጆቹ አይጠይቁም። ጥሩ ጠዋት፣ ጥሩ ቀን ይሉሃል፣ ያንኑ ትመልሳለህ፣ አለቀ። ጃፓኑ ገና በጠዋቱ ነው የሚለው አሉ። ሩሲያው ጤና ይመኛል። እኛ ግን እንጠይቃለን። ትግሬው እንዴት አደርክ። ኦሮሞው አካም ቡልተ፣ እሱም እንዴት አደርክ ነው። አገር ሙሉ የሚጠይቀው ሌሊቱን ነው። ሌሊት ምን እንደሚያመጣ ስለሚያውቅ ይሆናል።

ስለዚህ ለእማማ አሰፉ በየጠዋቱ አንድ ፈረንጅኛ። ትናንት ቡዎን ጆርኖ፣ ዛሬ የጃፓኑ ኦሃዮ። ደስ ይላቸዋል፣ ልጄ የማያውቀውን አወቅሁ ይላሉ።

ሌላውም በየፊናው መላ ፈጥሯል። አባ ኃይሌ እማማ አሰፉ አፋቸውን ሳይከፍቱ መስቀሉን ይሰጣሉ፤ ይሳለማሉ፣ በዚያው ያልፋሉ። ውሃ ቀጂዎቹ ቀጥ ብለው ወደ አራሷ፣ ሕፃኑን ያጫውታሉ። አንዷ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ጀምራለች፣ በገደሉ በኩል። የተቸገረ ሰው መንገድ አያጣም።

ያልተቸገረ አንድ ሰው አለ። ጋሽ ሰይድ፣ ከቆላው ለገበያ ጨርቅ እያመጡ የሚሸጡት። እንደ ወትሯቸው አሰላሙ አለይኩም አሰፉ ብለው በሩ ላይ ይቆማሉ፣ እሳቸውም አለይኩም ሰላም ይላሉ። መርዶውን ሰምተዋል፣ ጋሽ ሰይድ የማይሰሙት የለም። ገበያ ላይ አግኝቼ ሰላምታው እንዴት ይወጣልዎታል አልኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ። እኛ ሰላም ያንተ ላይ ይሁን ነው የምንል፣ ዱዓ ነው። ለታመመም ላዘነም ይሆናል። መቃብር ስናልፍ ለሞቱትም እንለዋለን።"

ለሞቱትም? አልኩ። "ለሞቱትም" አሉ፣ ጨርቁን እየለኩ።

ኅዳር 26። ደክሞኛል።

የወዳጅ አገር ልዑካን መጡ። ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው ሰውዬ ሰልፍ አስያዘን። እንግዳ ሲገባ ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ፣ አብዮታዊ ሰላምታ። የመቀሌው ወጥ ሠሪ ማንኪያ እንደያዘ እጁን አነሣ። ከልዑካኑ አንዱ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አየሁ፣ እኔም በሳቅ ልሞት። ከዚያ አንዷ ሴት ወደኔ መጥታ በቀስታ ዶበር ዴን አለች፣ በአገሯ ቋንቋ። መልካም ቀን ማለት ነው አለችኝ። ጨብጬ ያነሣሁትን እጄን ፈትቼ ጨበጥኳት።

ይህንኑ ይዤ ገባሁ። ሌላ አልቆብኛል። ዶበር ዴን እማማ። እሳቸው ግን ዛሬ አልደገሙትም። ትርጉሙን ጠየቁ፣ ነገርኳቸው። ታዲያ ምን ይጠይቃሉ አሉ። ምንም አልኩ። ሌላውስ፣ ቦንዡሩስ፣ ጉተን ሞርገኑስ? እነሱም ምንም።

"ካልጠየቁ ታዲያ ሰው ምን ብሎ ይመልስላቸዋል?"

ያንኑ ይመልሳል አልኩ።

"እንደ ገደል ማሚቶ" አሉ እማማ አሰፉ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ረዘም አድርገው። ወጥ ልጥድ ነው ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። እኔ ወጥ ከጣድኩ ወር ሆኖኛል።

ታኅሣሥ 3። ባታ። ጠዋት፣ ሥራ አርፍጄ።

ያውቃሉ።

ዛሬ ስወጣ ጃምቦ አልኳቸው። ከሬዲዮ የለቀምኩት ነው፣ የኬንያ። እጄን ያዙና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ፣ ገብሱ ወደተሰጣበት። የሺ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ልጄ፣ የፈረንጁ አለቀብሽ አይደል?"

አጎንብሼ ገብሱን ነካካሁ።

"አባ ኃይሌ መስቀሉን በአፌ ላይ ይጥሉልኛል፣ እንዳልናገር። ውሃ ቀጂዎቹ ሕፃኑን እንጂ እኔን አያዩም። በሪሁን ምርኩዝ ይዞ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ ደጄን አልረገጠም። በእጄ ያጎረስኩት ልጅ ነው እኮ። አንቺ ደግሞ እንደምን አደሩ ካልሽኝ ይኸው ስንት ቀንሽ። እኔ የላስታ ሰው ነኝ። የሰው መርዶ ስንቱን ሸሽጌ አውቃለሁ፣ አያያዙን አውቀዋለሁ።"

ሞተ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ግዝት አለብኝ፣ ምን እንደምል አላውቅም። አልጠየቁም። ገብሱን በእጃቸው ያሰጣሉ፣ ይሰበስባሉ፣ እንደገና ያሰጣሉ። መቼ አወቁ አልኳቸው።

"ጉተን ሞርገን ያልሽኝ ጠዋት።"

ደብተሬ፣ የመጀመሪያው ቀን ማለት ነው። ኦሃዮዬን፣ ቡዎን ጆርኖዬን ሲቀበሉኝ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ፣ ሁሉ እያወቁ ነበር። ለየሺ ወተት ብለው። ሕፃኑ እስኪጠና ብለው። እኛ ከእሳቸው እንደብቃለን፣ እሳቸው ከእኛም ከልጃቸውም ይደብቃሉ። እኔ ነኝ አፌን ይዤ ያለቀስኩት። እሳቸው አላለቀሱም። ቆይ አሉኝ፣ ለሱ ቀን አለው።

ከዚያ የፈለጉኝን ነገሩኝ። ትናንት የሺ ጠይቃቸዋለች፤ ተከራይዋ ምነው በአማርኛ አታናግርሽም፣ ተጣላችሁ እንዴ ብላ። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በአማርኛ። እንደ ድሮው፣ ጮክ ብለሽ፣ እቤት ውስጥ እንዲሰማ።

አልችልም አልኩ።

"ትችያለሽ። እኔ የምመልሰው እያለሁ አንቺ መጠየቁ ያቅትሽ?"

አባ ኃይሌም እንዳይሰሙ አሉ። ማወቃቸው ከታወቀ የሰው ፊት ይቀየራል፣ የሺ ደግሞ ፊት ታነባለች። እነሱ በመረጡት ቀን መጥተው ይንገሩኝ፣ አዲስ ሆኜ እሰማዋለሁ አሉ።

ታኅሣሥ 4።

አልኩ።

እንደምን አደሩ እማማ። ጮክ ብዬ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አደርሽ?"

እ/ር ይመስገን። ደህና ነዎት። ደህና፣ ይመስገነው። የሺስ። ደህና። ሕፃኑስ። ደህና፣ ጠብቶ አደረ። አንዱንም አልዘለሉም። ድምፃቸው አልተሰበረም። ከውስጥ የሺ ስሜን ጠርታ እንደምን አደርሽ አለች፣ እየሳቀች። እርቅ ወረደ ማለቷ ነው።

ሆቴል ደርሼ መታጠቢያ ቤቱን ቆለፍኩ። ሥራ አስኪያጁ በሩን አንኳኳ፣ እንግዳ ቆሟል አለ። ይቁም። እግር አለው አይደል። እንዲህ ብዬ ስናገር ራሴን ሰምቼ ስለ በሪሁን አሰብኩና ወጣሁ።

ታኅሣሥ 12። ሚካኤል።

በየጠዋቱ እጠይቃለሁ፣ በየጠዋቱ ያመሰግናሉ። ይለመዳል ብዬ ነበር። አልተለመደም።

ከስተዋል። ጾሙ ነው ይላሉ፣ ሰው ያምናል። ሕፃኑ ግን ወፍሯል፣ ጉንጩ ክብ ሆኗል። የሺ እናቷን ትበይ እንጂ ትላለች፣ እሺ ይሏታል። ዛሬ ስታጠባ ሞገስ ምን ብሎ ስም ያወጣለት ይሆን አለች፣ ፈረንጅ ስም እንዳያወጣለት ብቻ ብላ ሳቀች። እማማ አሰፉ አብረው ሳቁ። አየኋቸው፣ ሙሉ ሳቅ ነው። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

ጓሮ ተከትለውኝ መጡ። አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። አፈር አግኝቷል ወይ? ስሙን አልጠሩም። ያንን በሪሁን ነግሮኛል። አዎ አልኩ፣ ዛፍ ሥር ነው፣ በሪሁን በራሱ እጅ ነው ያለበሰው፣ እሱ የቆሰለው በማግስቱ ነው። ግዝቱ ይብላኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አመስግነውኛል ማለት ነው። ለቅሶ የሚደረስበት፣ ድንጋይ የሚቆምበት ቦታ እንኳ እዚህ የለም አሉ፣ ለራሳቸው።

ጋሽ ሰይድ ያሉኝን ነገርኳቸው። እነሱ መቃብር ሲያልፉ ለሞተውም ሰላም ይሉታል ብዬ። ያኔ ያስተማርኳቸውን፣ የአሥመራውን፣ አንድ ጊዜ በከንፈራቸው ብቻ ሲሉት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 19። ገብርኤል። ማታ።

ተጠመቀ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ውሃው ሲነካው ቤ/ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላው። ካህናቱ ሳቁ። ሳንባው ደህና ነው አሉ አባ ኃይሌ። የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ። የዓለም ስሙ አሁንም የለውም፣ አጎቱን ይጠብቃል።

የገና እንግዶች ከየአገሩ በእግር መግባት ጀምረዋል፣ መንገዱ ነጠላ በነጠላ ነው። አንዳንዶቹ ክርስትና ቤት መሆኑን ሰምተው ጎራ አሉ። ጠላ ቀመሱ፣ መረቁ።

እማማ አሰፉ እልል አሉ። አዎ። መሀል ቆመው፣ ነጠላቸውን አስረው፣ እልልታው ከተራራው እስኪመለስ። ያወቀው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አባ ኃይሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምስኪን፣ ምንም አታውቅ እያሉ ያዝኑላቸዋል። እኔ ብቻ ቀና ብዬ አየኋቸው፣ እሳቸውም አዩኝ።

ታኅሣሥ 20። ጀምበር ሳትጠልቅ።

ነገ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ተገናኝተዋል። የየሺ ባል ለክርስትናው እንደመጣ እንዲያድር አዝዘውታል፣ ለምን እንደሆነ ነግረውታል። ሲያድር የሺ ደስ ብሏታል።

እማማ አሰፉ ቀኑን ልክ እንደኔ ያውቁታል። ማንም አልነገራቸውም። ግቢውን ጠረጉ። ውሃ አስሞሉ። ጥሩ ቀሚሳቸውን አውልቀው አሮጌውን ለበሱ፣ ሊጥ እንዳይነካው ብዬ ነው አሏት የሺን። ከዚያ እኔ ክፍል መጡ፣ መጥተው የማያውቁት። ቆመው ነው የተናገሩት። ነገ እኔን ተይኝ፣ እኔን የሚይዝ ሰው ሞልቷል፤ አንቺ የሺ አጠገብ ሁኚ፣ ልጁን ቶሎ ተቀበያት፣ ሲረጋጋ መልሰሽ ጡቷ ላይ አድርጊው፣ ታልቅስ ግን ታጥባ። ደጋግመው አስጠኑኝ። እሺ አልኩ።

ሲወጡ እግዜር ይስጥሽ አሉ። ለምኑ አልኩ። ጮክ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ አሉ።

ታኅሣሥ 21። ማርያም። ረፋድ ላይ፣ ክፍሌ።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። አባ ኃይሌ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላ። በሪሁን መጨረሻ፣ ምርኩዙ ድንጋዩ ላይ ሲያንኳኳ ይሰማል። እንደምን አደራችሁ ያለ የለም። ዝም ብለው ገቡ። የሺ ብድግ አለች፣ ፊታቸውን አየች፣ ማን ነው አለች። አባ ኃይሌ ሳይጨርሱ ጮኸች።

ልጁን ተቀበልኳት። እንደተባልኩት። አለቀሰች፣ መሬት ወደቀች፣ ባሏ አነሣት። ሕፃኑም ይጮሃል። ቆየሁ፣ ከዚያ ጡቷ ላይ መለስኩት። ዓይኗን ጨፍና ስትንሰቀሰቅ እሱ ጠባ። ወተቱ አለ፣ አገጩ ላይ ሲፈስ አየሁት።

እማማ አሰፉ አዲስ ሆነው ሰሙት። አስመሰሉ ልል ነበር፣ ግን አላስመሰሉም። ያን ሁሉ ጠዋት የያዙት ነው የወጣው። ሴቶቹ ሦስት ሆነው ያዟቸው። እኔም ያለ ግዝት አለቀስኩ፣ ለሞገስ፣ ዛሬ ገና።

ፀሐይ ስትወጣ ለቅሶው ጋብ አለ። እማማ አሰፉ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ተከተልኳቸው፣ በሪሁንም። ድንጋያቸው ላይ አልተቀመጡም። ፊታቸውን ወደ አቡነ ዮሴፍ አዙረው ቆሙ።

"ከመይ ሓዲርካ፣ ልጄ" አሉ።

ሓውን ከጉሮሯቸው አወጡት፣ አሥመራ እንደተወለደ ሰው። ከዚያ ጠበቁ። ሰው ጠይቆ መልስ እንደሚጠብቀው ነው የጠበቁት።

ቆይተው ወደ በሪሁን ዞሩ። መልሱን ማንም አላስተማረኝም፣ እዚያ ምን ብለው ይመልሳሉ አሉት። እውነት ነው፣ እኔም አላስተማርኳቸውም፣ መላሹ እሱ ነው ብለን ነበራ።

"እንደኛው ነው እማማ። እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚሉ" አለ በሪሁን።

"እንደኛው።" ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ። "እንግዲያ እሱ ይበለው። እኔስ ብዬለታለሁ።"

አሁን ለቅሶ ደራሽ እየበዛ ነው፣ ጋሽ ሰይድም ከገበያ መጥተው ጥግ ተቀምጠዋል። ሊ/መንበሩ በር ድረስ መጥቶ ተመለሰ፣ የሰውን ብዛት አይቶ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ልኮብኛል፣ አውሮፕላን አለ፣ በር ላይ ሰው የለም ብሎ። ዛሬ አልሄድም። ነገም አልሄድም። ነገ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ በምንም ቋንቋ ምንም አልላቸውም። ድንጋዩ ሁለት ሰው ያስቀምጣል። እሄድና አጠገባቸው እቀመጣለሁ።